ከመኪናው ኋላ 146 ፓውንድ

ከዋሽንግተን ዲሲ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከሸርሊንግተን ተነሥቶ ፐርሰልቪል የሚደርሰው የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ 45 ማይል ይረዝማል። ድሮ ባቡር ይመላለስበት በነበረ መስመር ላይ የተሠራ ስለሆነ ቀጥ ያለ ዳገት የለውም። ችግሩ ከመንገዱ ርቆ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዉድብሪጅ ለሚኖር ሰው ነው፤ እዚያ ለመንዳት መጀመሪያ ብስክሌቱን በመኪና መውሰድ አለበት።

ተራ ብስክሌት ቢሆን ብዙ አያስጨንቅም። 30 ፓውንድ ገደማ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ ያነሣዋል። ኤሌክትሪክ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይቀየራል። በአሜሪካ ብዙ የተሸጠው ራድሮቨር 6 ፕላስ 73 ፓውንድ ያህል ይመዝናል፤ 33 ኪሎ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ለመሄድ ሻንጣ ያሰናዳ ሰው 23 ኪሎ ምን እንደሚያክል ወገቡ ይነግረዋል። ይህ ብስክሌት ከዚያ ሻንጣ 10 ኪሎ ይበልጣል፤ ደግሞም ሲያነሡት መሪው ይዞራል፣ ፔዳሉ እግር ይመታል።

ሁሉም እንዲህ ይከብዳሉ ማለት አይደለም። የስፔሻላይዝድ ኩባንያ ተርቦ ቫዶ ኤስ ኤል ከ33 ፓውንድ ብዙ አይርቅም፤ ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። አቬንቶን ሌቭል 2 ወደ 62 ፓውንድ ነው። ሌክትሪክ ኤክስ ፒ 3.0 ደግሞ 64 ፓውንድ አካባቢ ሲሆን የሚታጠፍ ነው። የሚታጠፍ ነገር ቀላል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ መታጠፉ ቦታ ይቆጥባል እንጂ ክብደት አይቀንስም። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ወፍራም ቴላዮና ባለ 4 ኢንች ጎማው ተደምረው ነው ራድሮቨርን ያን ያህል ያከበዱት።

ስለዚህ ጣሪያ ላይ መጫን ከጅምሩ ይቀራል። ፖርቶመጋላው ቢችለው እንኳ 70 ፓውንድ ከራስ በላይ አንሥቶ የሚያስተካክል ሰው ጥቂት ነው። በቀበቶ ከኋላ ኮፈን ላይ የሚንጠለጠለው ርካሹ መጫኛም ለዚህ አልተሠራም፤ አብዛኛው ለአንድ ብስክሌት የሚፈቅደው 35 ፓውንድ አካባቢ ነው። የሚቀረው ከኋላ፣ ከፓራውልቱ ሥር፣ ሂች ላይ የሚሰካው ነው።

ሂች ከመኪናው አካል ጋር በብሎን የሚታሰር፣ ተሳቢ ለመጎተት የተሠራ ብረት ነው። መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው፤ የብስክሌት መጫኛው ዘንግ እዚያ ውስጥ ይገባና በፒን ይቆለፋል። በአሜሪካ ትንንሽ የቤት መኪኖች ላይ የሚገጠመው ብዙውን ጊዜ ክላስ 1 ነው፤ ቀዳዳው አንድ ከሩብ ኢንች፣ ጫፉ ላይ ቁልቁል የሚያርፍበት ክብደት ቢበዛ 200 ፓውንድ። ክላስ 2 ያው ቀዳዳ ኖሮት እስከ 350 ፓውንድ ይሄዳል። ባለ 2 ኢንቹ ክላስ 3 ከዚያ ይበልጣል፤ በኤስ ዩ ቪና በፒክአፕ ላይ የሚታየው እሱ ነው። ሂቹ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቁጥሩን ይናገራል። ወረቀቱ በጭቃና በጨው ካልተበላ ማለት ነው፤ ክረምት ሁሉ ጨው በሚበተንበት አገር ይበላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሂቹ ክላስ 3 ስለሆነ ብቻ መኪናው የፈለጉትን ይሸከማል ማለት አይደለም። በሐበሻ ሠፈር በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ራቭ 4 ሃይብሪድ እንውሰድ። ከ2019 ጀምሮ የወጣው ትውልድ እንዲጎትት የተፈቀደለት 1,750 ፓውንድ ነው። በሂቹ ጫፍ ላይ ቁልቁል የሚያርፈው በልምድ የጉተታው አንድ አሥረኛ ስለሚሆን ወደ 175 ፓውንድ ይመጣል። ከሥሩ የተገጠመው ሂች 500 ፓውንድ የሚል ወረቀት ቢኖረውም የመኪናው ልክ አይለወጥም። ሁለት ቁጥር ሲጋጭ የሚሠራው ትንሹ ነው።

አሁን እንደምር። ሁለት ራድሮቨር 146 ፓውንድ ይሆናሉ። ደኅና መጫኛ ራሱ ባዶውን ከ50 እስከ 60 ፓውንድ ይመዝናል፤ መካከለኛውን 55 እንያዝ። ድምሩ 201 ፓውንድ ነው። ክላስ 1 ሂችን በ1 ፓውንድ አለፈ፤ የራቭ 4ቱን ልክ ደግሞ በ26 ፓውንድ። ሁለቱን ባትሪዎች አውጥቶ መኪና ውስጥ ማስገባት 15 ፓውንድ ያህል ያቃልላል፤ 186 ቀረ፤ አሁንም ለራቭ 4ቱ በዛ። በራድሮቨሮቹ ፈንታ ሁለት አቬንቶን ሌቭል ቢሆኑ፣ ባትሪያቸው ወጥቶ ከ165 ፓውንድ ብዙ አይርቅምና ይገባል። አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት መጫኛ፣ የተለየ ውጤት።

ይህ ሁሉ መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። ብስክሌቶቹ የሚቀመጡት ከሂቹ ወደ ኋላ ወጣ ብለው ስለሆነ ክብደቱ ቁልቁል ከመጫን አልፎ ዘንጉን ይጠመዝዛል። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ጫናው ለቅጽበት ከተመዘነው በላይ ይሆናል። ለዚህ ነው አምራቾች ለጠጠር መንገድና ለመኖሪያ ተሳቢዎች የሚፈቅዱትን ክብደት የሚቀንሱት፤ አንዳንዶቹ ተሳቢ ላይ ጭራሽ አትግጠሙ ይላሉ። ዘንጉን የሚያረዝም ብረት፣ ወይም ትንሹን ቀዳዳ ወደ 2 ኢንች የሚቀይር አስማሚ ሲጨመርም የሚፈቀደው ይቀንሳል። በ30 ዶላር የሚሸጥ አስማሚ ክላስ 1ን ክላስ 3 አያደርገውም፤ ቀዳዳውን ብቻ ነው የሚያሰፋው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ መጫኛው መሄድ የሚገባው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «2 ብስክሌት» የሚለው ነው። መፈለግ ያለበት ቁጥር ግን ትንሽ ሆኖ መመሪያው ውስጥ ይገኛል፦ ለአንድ ብስክሌት የሚፈቀደው ክብደት። የሚዙሪው ኩባንያ ኩዋት ሸርፓ 2.0 የሚባለው መጫኛ ለአንድ ብስክሌት 40 ፓውንድ ብቻ ይፈቅዳል፤ ለተራ ብስክሌት ግሩም ነው፣ ለኤሌክትሪክ አይሆንም። የዚያው ኩባንያ ኤን ቪ 2.0 ወደ 60 ከፍ ይላል። የቱሌ ቲ 2 ፕሮ ኤክስ ቲ አር 60፣ የቱሌ ኢዚፎልድ ኤክስ ቲ 65፣ የያኪማ ኦንራምፕ 66፣ የሆሊውድ ራክስ ስፖርት ራይደር ኤስ ኢ ደግሞ 80 ፓውንድ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ራድሮቨሩን ባትሪው እንዳለ በመመሪያው የሚቀበለው የመጨረሻው ብቻ ነው። ቁጥሩ ደግሞ አይካካስም። 60 እና 60 የሚፈቅድ መጫኛ 75 እና 45 ጫኑብኝ አላለም።

የብስክሌታቸውን ክብደት በድረ ገጽ ከተጻፈው ብቻ የሚወስዱ ሰዎች ይሸወዳሉ፤ መስተዋቱ፣ ቅርጫቱ፣ የልጅ መቀመጫውና ከባዱ ሰንሰለት እዚያ አልተቆጠሩም። ለጉዞ ሻንጣ የሚመዘንባት የእጅ ሚዛን በየቤቱ አለች። የፊቱን አንሥቶ፣ ቀጥሎ የኋላውን አንሥቶ ሁለቱን መደመር በቂ ነው።

ቅርጹም ከክብደቱ ያልተናነሰ ነገር ነው። ብስክሌቱን በቴላዮው አግዳሚ ብረት የሚያንጠለጥለው ዓይነት ለኤሌክትሪክ ብስክሌት አይመከርም። ክብደቱ ሁሉ ቴላዮው ላይ ያርፋል፤ ለመውጣት እንዲቀል አግዳሚው ዝቅ ብሎ የተሠራ ብስክሌት ደግሞ የሚንጠለጠልበት የለውም። የሚሻለው ሁለቱን ጎማዎች ከሥር በጎድጓዳ መደብ የሚቀበለው ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የፊት ጎማውን ከላይ በክንድ ተጭነው ይይዛሉ፤ ቴላዮውን አይነኩም፤ ለካርቦን ብስክሌት የሚመረጡት እነሱ ናቸው። ችግራቸው ፓራፋንጎ ነው፤ ክንዱ ጎማው ላይ ሲጫን የፊቱን ፓራፋንጎ ሊያጣምም ይችላል። ሌሎቹ ቴላዮውን በመንጋጋ ይጨብጣሉ። ኢዚፎልድ እንዲህ ነው፤ የማጥበቂያው እጀታ በቂ ሲሆን ቀጭ ብሎ ይነግራል፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ አያስፈልግም። ባትሪው ቴላዮው ውስጥ ተቀብሮ ብረቱ በጣም የወፈረ ከሆነ ግን መንጋጋው ላይከፈትለት ይችላል። ባለ 4 ኢንች ጎማው መደቡ ውስጥ መግባቱን፣ ባለ 20 ኢንቹ ትንሽ ቸርኬ በማሰሪያው መያዙን፣ ዕቃ የሚጭነው ረጅሙ ብስክሌት ከመደቡ አለማለፉን መደብሩ ውስጥ ሳሉ ማረጋገጥ ይገባል። ብስክሌቱን ይዞ መደብር መሄድ ነውር የለውም።

ማንሣቱስ? ጉልበቱን ታሞ፣ ዳገት አቅቶት ወደ ኤሌክትሪክ ብስክሌት የዞረ ሰው 65 ፓውንድ አንሥቶ ይጫን ማለት ትንሽ ቀልድ ነው። ለዚህ መወጣጫ ያላቸው መጫኛዎች አሉ፤ ኢዚፎልድም ኦንራምፕም ከመወጣጫቸው ጋር ይሸጣሉ። ብዙ ኤሌክትሪክ ብስክሌቶች በእግር ፍጥነት ራሳቸውን የሚገፉበት ቁልፍ አላቸው፤ በመወጣጫው ላይ እሱን እየተጫኑ ማውጣት ይቻላል። ግን ለዚህ ባትሪው መኖር አለበት፤ ባትሪው ከኖረ ክብደቱ ልክ ሊያልፍ ነው። ያለው አማራጭ ክብደቱ ከነባትሪው የሚፈቀድለትን መጫኛ መግዛት ነው፤ አለበለዚያ ባትሪውን አውጥቶ እየገፉ ማውጣት። መወጣጫ የሌለው መጫኛ ላይ መጀመሪያ የፊት ጎማውን መደቡ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ የኋላውን ማንሣት ወገብ ያተርፋል።

ባትሪውን ማውጣት ከክብደቱ ሌላም ጥቅም አለው። በ65 ማይል ፍጥነት የሚመጣ ዝናብ ብስክሌተኛው ላይ ከሚዘንበው ጋር አንድ አይደለም፤ ውኃው ሶኬቱ ውስጥ በግፊት ይገባል። ባትሪው የነበረበትን ቦታ በመክደኛው ወይም በፕላስቲክ ሸፍኖ ማሰር ይረዳል። ብስክሌቱን በሙሉ በሸራ መጠቅለል ግን ጥሩ ሐሳብ ይመስላል እንጂ ነፋስ እንደ ሸራ መርከብ ይገፋዋል፤ ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ። የወጣውም ባትሪ በበጋ በተዘጋ መኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እንዲመታው አይተውም።

ጥቂት ነገሮች ደግሞ በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ነው የሚታወሱት። ከማርሚታው ትይዩ ያረፈ ጎማ በጋለ ጭስ ይጎዳል። ታርጋን መሸፈን በብዙ ስቴቶች ያስቀጣል፤ ብስክሌት ተጭኖም ሆነ ባዶ መጫኛው ብቻ ተገጥሞ ታርጋው መታየቱን ማረጋገጥ የባለመኪናው ዕዳ ነው። ከመጫኛው ጋር የሚመጣው ቀጭን የሽቦ ቁልፍ 2,000 ዶላር ለሚያወጣ ብስክሌት ምሳ እስኪበላ ድረስ እንኳ አይታመንም፤ የራስን ወፍራም ሰንሰለት መጨመር፣ የሂቹንም ፒን ባለ ቁልፍ ማድረግ ነው።

አውሮፓ ላሉ አንባቢዎች ነገሩ ትንሽ ይለያል። በጀርመንም ሆነ በስዊድን መጫኛው የሚገጠመው በአራት ማዕዘን ቀዳዳ ሳይሆን ተሳቢ በሚታሰርበት 50 ሚሊሜትር የብረት ኳስ ላይ ነው። ኳሱ የሚችለው ክብደት በኪሎ ተጽፏል፤ ብዙ የቤት መኪኖች ላይ 75 ነው። ኢዚፎልድ ኤክስ ቲ 18 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 57 ይቀራል፤ ባለ 25 ኪሎ ሁለት ብስክሌት ይገባል፣ ሦስተኛ ግን አይታሰብም። መጫኛው የራሱ የኋላ መብራትና የታርጋ ቦታ አለው፤ የመኪናው ታርጋ ሲሸፈን ተመሳሳዩ እዚያ ላይ መታየት አለበት።

በየትም አገር ቢሆን፣ በትንሽ የቤት መኪና ሁለት ከባድ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመጫን የሚያስብ ሰው ምንም ያህል ውድ መጫኛ ቢገዛ አያዋጣውም፤ አንዱን ብቻ ይጫን፣ ወይም ቀለል ያለ ብስክሌት ይግዛ። ከገዙም በኋላ መጀመሪያ ሲወጡ አሥር ማይል ያህል ነድቶ ቆሞ ፒኑን፣ ክንዱንና የጎማ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ነቅንቆ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ማሰሪያ የሚላላው በዚያች የመጀመሪያ አሥር ማይል ውስጥ ነው።