ስለ ታውል የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን

በእስጳንያ ሰሜን፥ በካታሎንያ አገር፥ በፒሬኔ ተራሮች መካከል ቦኢ የሚባል ሸለቆ አለ። በዚሁ ሸለቆ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በታውል መንደር በቅዱስ ቀሌምንጦስ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ጳጳሱ ሬሞን በ1123 ዓመት (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) እንደ ባረኩት በውስጡ ባለው ዐምድ ላይ ተጽፎ ስለ ተገኘ፥ ዕድሜው በግምት ሳይሆን በጽሕፈት የታወቀ ነው።

የሕንጻው ስልት ሮማኔስክ ይባላል። ይህ ስም የተሰጠው በ19ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ ምክንያቱም ግንበኞቹ ክብ ቅስትን ከጥንት ሮማውያን ስለ ወረሱ ነው። በክብ ቅስት ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው እየተጋፉ ይደጋገፋሉ፤ ነገር ግን ሸክሙ ወደ ጎን ስለሚገፋ ግድግዳው ወፍራም፥ መስኮቱም ጠባብ እንዲሆን ግድ ነው። በታውል ጣራው የእንጨት በመሆኑ ክብደቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ውስጡን በሦስት የሚከፍሉት ቅስቶች በክብ ዐምዶች ላይ ሊያርፉ ችለዋል። በምሥራቅ በኩል ግማሽ ክብ የሆኑ ሦስት መቅደሶች አሉ፤ በውጭ የተደረደሩት ጥቃቅን ቅስቶች ከሰሜን ኢጣልያ፥ ከሎምባርድያ ግንበኞች የመጣ ጌጥ ናቸው። አራት ማዕዘን የሆነው የደወል ቤትም ከመሠረቱ በላይ ስድስት ደርብ አለው።

በመካከለኛው መቅደስ ውስጥ ክርስቶስ በግርማ ተቀምጦ፥ የተከፈተ መጽሐፍ ይዞ የሚታይበት ታላቅ ሥዕል ነበረ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነጋዴዎች የእነዚህን ተራሮች ሥዕሎች እየገዙ ወደ ውጭ አገር ይወስዱ ጀመር፤ ሙር ከሚባለው ስፍራ የተነሣው ሥዕል ዛሬ በአሜሪካ በቦስቶን ከተማ ይገኛል። ይህን በማየት የባርሴሎና ሰዎች ከ1919 እስከ 1923 ዓመት የታውልንና የሌሎቹን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች አስነሡ። ሥራውም በኢጣልያ ባለሙያዎች የተደረገው እንዲህ ነው፤ ጨርቅ በሙጫ በሥዕሉ ላይ ይለጠፋል፤ ሲደርቅም ቀለሙን ይዞ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ሸራ ላይ ይጣበቃል።

እንግዲህ ሥዕሉ ከሽያጭ ዳነ፤ ነገር ግን የተሣለለት ቤት ባዶ ቀረ፤ የመንደሩ ሰው የአባቶቹን ሥዕል ለማየት ወደ ባርሴሎና መሄድ ግድ ሆነበት። በ2000 ዓመት ይህ ቤተ ክርስቲያን ከሸለቆው ከሌሎቹ ስምንት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ ከ2013 ዓመት ጀምሮም የጥንቱ ሥዕል ምስል በብርሃን ኃይል በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይታያል። ሆኖም ብርሃኑ ሲጠፋ ምስሉም አብሮ ይጠፋል።

መምህራንና ሽማግሌዎች ከዚህ የሚረዱት፥ ቅርስን መጠበቅ ገዢው ከመምጣቱ አስቀድሞ መጀመር እንደሚገባው ነው። በየደብሩ ያለውን ሥዕል፥ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ቈጥሮ መመዝገብ፥ የሠሪውን ስምና ዘመን ከሚያውቁ አረጋውያን ጠይቆ መጻፍ፥ የሚያፈስ ጣራን በጊዜው መክደን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በታውል ዐምድ ላይ የተጻፈው ጥቂት ቃል ለዘጠኝ መቶ ዓመት ምስክር ሆኗልና።