ከተከፈተ የማይዘጋው መልቲከረንሲ

ኩዊክቡክስ በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ መልቲከረንሲ (ከአንድ በላይ በሆነ የገንዘብ ዓይነት የመመዝገቢያው አማራጭ) አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም። ማስጠንቀቂያው ከመክፈቻው አጠገብ ተጽፏል፤ ብዙ ሰው ግን «ለማንኛውም ይኑር» እያለ ሳያነበው ያልፋል። ከአንበሳሜና ከፎገራ ገበሬዎች ሩዝ የሚሰበስብ፣ ወረታ ላይ አስፈልፍሎ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚሸጥ ነጋዴ የሚገዛውም የሚሸጠውም በብር ነው። የመፈልፈያ ማሽን አንድ ጊዜ ከውጭ ስላስመጣ ብቻ መልቲከረንሲ ከተከፈተለት፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ደንበኛና አቅራቢ የገንዘብ ዓይነት ሊመረጥ ነው። በስህተት ዶላር የተባለ አቅራቢ ደግሞ ግብይት ከተመዘገበበት በኋላ ወደ ብር አይቀየርም፤ ሌላ ስም ሊከፈትለት ግድ ይሆናል። «ከፍቶ መተው ምን ይጎዳል?» ለሚል መልሱ ይኸው ነው።

መዝጋት ቁጥሮቹን ወደ ብር መመለስ የሚመስላቸው አሉ፤ ሚዛኑ ግን መጀመሪያም በብር ነው። ፕሮግራሙ ለአንድ የዶላር ደረሰኝ የዶላሩን መጠን፣ የዕለቱን ተመንና በብር የሚመጣውን ሂሳብ አብሮ ይይዛል። 10,000 ዶላር የሚያወጣ ማሽን በዱቤ ተረክቦ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የዓመቱን ሂሳብ የዘጋ ነጋዴ እናስብ። ዶላሩ በ57 ብር ቢሰላ ዕዳው 570,000 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፤ በወራት ውስጥም ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ነጋዴው ዕዳውን በ110 ብር ተመን ቢከፍል 1,100,000 ብር ያወጣል። የ530,000 ብሩ ልዩነት የምንዛሪ ኪሳራ ነው። ማሽኑ ላይ የሚደምሩት ሰዎች የንብረቱን ዋጋም የየዓመቱን የእርጅና ተቀናሽም ያበላሻሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 አገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃም ይህን አይፈቅድም። ገንዘቡ ቅድሚያ ተከፍሎ ከሆነ ግን በተከፈለበት ቀን ተመን ይቀራል፤ ዓመት ሲዘጋ የሚከለሰው ዕዳው ብቻ ነው። ለኦዲተርም ለገቢዎችም ይህን ልዩነት የሚያስረዳው የተመዘገበው ተመን ስለሆነ፣ እሱን በአንድ ጠቅታ የሚያጠፋ ፕሮግራም ማስረጃ ያጠፋል። አንድም የውጭ ገንዘብ ግብይት ያልገባበት ፋይል ለምን ይቆለፋል የሚለው ቅሬታ ግን ትክክል ነው፤ እዚያ የሚጠበቅ ማስረጃ የለም።

በየኮሌጁ ሲያስተምሩት የኖረው ሌላው የሂሳብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ፣ ያለ መልቲከረንሲ ነው የሚሠራው፤ አስመጪዎችም ተመኑን በኤክሴል አስልተው ልዩነቱን በጆርናል ሲመዘግቡ ኖረዋል። ማሽን በዓመት አንዴ ለሚያስመጣ ይህ ዛሬም ይበቃል። ከፍቶ የተጸጸተ የዴስክቶፕ ተጠቃሚ ከመክፈቱ በፊት የያዘው ባክአፕ ካለ እሱን ይመልስና ከዚያ ወዲህ ያለውን ድጋሚ ያስገባል። ባክአፕ ከሌለው ሐምሌ 1 ቀን አዲስ ፋይል ይክፈት፤ ያልተከፈለውን የዶላር ዕዳ በሰኔ 30 ተመን ወደ ብር መልሶ በመነሻ ሂሳብነት ያስገባ፤ አሮጌውን ፋይል ደግሞ ኦዲተር በጠየቀ ጊዜ እንዲነበብ ሆኖ ያስቀምጠው።