የሱሪው መስመርና የሱፉ ቋጠሮ

ዝናብ የማያጠፋው የልብስ መስመር ከየት መጣ? ለባለልብሱስ፣ ለሠራተኛውስ ምን አለው?

በሆላንድ በሚኖር ወገን ቁም ሣጥን ውስጥ ሌላው ቢጠፋ አንድ የሱፍ ሙሉ ልብስ አይታጣም። ሠርግና ክርስትና ሲኖር፣ ዘመን መለወጫ ሲከበር፣ ለቅሶ ሲደረስ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲጠሩ፣ ከዳኛ ፊት ሲቀርቡ የሚወጣው ያው አንዱ ነው። ችግሩ የታወቀ ነው። ጠዋት በካውያ ተተኩሶ እንደ ቢላዋ ስለት የቆመው የሱሪ መስመር፣ ከዴንሃግ ሮተርዳም ድረስ በባቡር ተቀምጠውበት፣ ከጣቢያው እስከ አዳራሹ የሆላንድ ካፊያ ወርዶበት ሲደርሱ የለም። ጉልበቱ ተነፍቶ፣ መስመሩ ጠፍቶ ይገኛል። የሴቶቹ የሱፍ ሽንሽን ቀሚስም ዕጣው ከዚህ የተለየ አይደለም።

በአንጻሩ ደግሞ በዚያው ዝናብ የሚመላለሱ፣ ነገር ግን መስመራቸው የማይነቃነቅ ሱሪዎች አሉ። ልዩነቱ የካውያው ወይም የተኳሹ ጉብዝና አይደለም። ልዩነቱ የኬሚስትሪ ነው። ይህን ማወቁ ኪስንም፣ ልብስንም፣ ጤናንም ስለሚነካ ጉዳዩን ማብራራት ተገቢ ይሆናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ አነሳሱም ከበጉ ጠጉር ነው።

ሱፍ ምንድነው?

ሱፍ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ፈትሎ፣ ሸምኖ፣ ረግጦ ብርዱን በበርኖስና በባና ሲከላከል ኖሯል። በደብረ ብርሃንም ከ1960ዎቹ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቁሟል። ይሁንና የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ በመሆኑ ለምንጣፍ፣ ለብርድ ልብስና ለካባ እንጂ ለሙሉ ልብስ አይመችም። የሙሉ ልብስ ጨርቅ በአብዛኛው የሚሠራው ሜሪኖ ከሚባለው በግ ነው። የዚህ በግ ጠጉር ውፍረቱ 20 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሚሊሜትር ሃምሳኛ እጅ ማለት ነው።

ሻካራም ሆነ ለስላሳ፣ የበግ ጠጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የሰው ጠጉርና ጥፍርም ከዚሁ ናቸው። የኬራቲን ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተዘርግተው በሁለት ዓይነት ማሰሪያ ይያያዛሉ። አንደኛው የላላ ማሰሪያ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይለቃል፣ ሲደርቅ መልሶ ይይዛል። ሁለተኛው የጠበቀ ቋጠሮ ነው። ይህ ቋጠሮ የሚሠራው ከድኝ ሲሆን፣ በአንዱ ሰንሰለት ላይ ያለች የድኝ አቶም በሌላው ሰንሰለት ላይ ካለችው ጋር እጅ ለእጅ ትያያዛለች። ሱፍ ሲቃጠል የተቃጠለ ጠጉር ሽታ የሚሸተው አንዱ ምክንያት ይኸው ድኝ ነው። ውሃ ብቻውን ይህን ቋጠሮ አይፈታውም።

ካውያው የሚያደርገውና የማያደርገው

የእንፋሎት ካውያ የሚሠራው በላላው ማሰሪያ ላይ ብቻ ነው። እንፋሎቱ ማሰሪያውን ይፈታል፣ የካውያው ክብደት ጨርቁን ያጥፈዋል፣ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ማሰሪያው በአዲሱ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ መስመር ይወጣል። ነገር ግን ሱፍ እርጥበት ወዳድ ነው። ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ውሃ ይዞ እንኳ ሲዳስሱት እርጥብ አይመስልም። በሆላንድ አየር ውስጥ ደግሞ የሚጠጣው እርጥበት አያጣም። ውሃው ሲገባ ላላው ማሰሪያ ይለቅና ያልተነካው የድኝ ቋጠሮ ጨርቁን ወደ ጥንቱ ቅርጹ ይስበዋል። መስመሩ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

የድሮ ሰው ይህን በዘዴ ለማሸነፍ ያልሞከረው የለም። ሱሪውን አጥፎ ፍራሽ ሥር አድርጎ የሚያድር ነበር። ደረቅ ሳሙና በመስመሩ ውስጠኛ ክፍል ላይ አሽቶ በከሰል ካውያ የሚተኩስም ነበር። ሳሙናው እንደ ሙጫ ስለሚይዝ ለጊዜው ይረዳል። ዝናብ ሲመታው ግን ታጥቦ ይሄዳል፤ ሲብስም አረፋ ያወጣል።

ከአውስትራሊያ የመጣው መላ

የድኙን ቋጠሮ ፈትቶ መልሶ መቋጠር እንደሚቻል በ1930ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ እነ ስፒክማን በሰፊው አጥንተውት ነበር። በፋብሪካ ደረጃ ለሱሪ መስመርና ለቀሚስ ሽንሽን እንዲውል ያደረጉት ግን አውስትራሊያውያን ናቸው። ሲ. ኤስ. አይ. አር. ኦ. በሚባለው የመንግሥት የምርምር ድርጅት ውስጥ በዶክተር አርተር ፋርንወርዝ የሚመራ ቡድን በ1957 ሲሮሴት የሚባለውን ዘዴ ይፋ አደረገ።

ለዚህ ጥድፊያ ምክንያት ነበረው። በ1941 በእንግሊዝ የተፈለሰፈው ፖሊስተር ገበያውን እየወረረ ነበር። ፖሊስተር ፕላስቲክ ነው። በከፍተኛ ሙቀት አንዴ ከታጠፈ ታጥቦም ዝናብ መትቶትም መስመሩ አይለቅም። በኢትዮጵያ የቴትሮን ልብስ የወጣበትን ዘመን የሚያስታውሱ ይህን ያውቁታል። እዚህ ሆላንድም የአርነሙ አኩ ኩባንያ ቴርሌንካ በሚለው ስም የሚሸጠው ፖሊስተር በ1960ዎቹ በየቤቱ ገብቶ ነበር። ኑሮዋ በበግ ላይ የቆመው አውስትራሊያ ሱፍ እንዲህ በፕላስቲክ ሲሸነፍ ዝም ብላ ማየት አልቻለችም።

የሲሮሴት አሠራር ሲነገር ቀላል ነው። የተሰፋው ሱሪ መስመሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ መድኃኒቱ በውሃ ተበጥብጦ ይረጫል። ከዚያ ጨርቁ ታጥፎ በትልቁ የእንፋሎት መተኮሻ ውስጥ ይጨመቃል። መድኃኒቱ የድኙን ቋጠሮዎች ከፊሎቹን ይፈታል፤ በሙቀቱና በእርጥበቱ ሰንሰለቶቹ ወደ አዲሱ እጥፋት ይሸራተታሉ፤ ቋጠሮዎቹም በአዲሱ ቦታ እንደገና ይቋጠራሉ። ከዚህ በኋላ ውሃ ላላውን ማሰሪያ ቢፈታውም የድኙ ቋጠሮ ራሱ ጨርቁን የሚስበው ወደ መስመሩ ነው። ዝናብ የሚያጠፋው የነበረው መስመር ከደረቀ በኋላ ተመልሶ ይቆማል።

መጀመሪያ የዋለው መድኃኒት አሞኒየም ታዮግላይኮሌት ይባላል። ሽታው ስለማይቻል በኋላ በአብዛኛው ባይሰልፋይትና መሰሎቹ ተተኩ። ዘዴው ዛሬም አለ። በተለይ በጃፓን ላውንደሪ ቤቶች ለሱሪና ለተማሪዎች የሽንሽን ቀሚስ ሲሮሴት ይደረግ ብሎ ማዘዝ የተለመደ ነው። ከዚህ የተለየ ሌላ ዘዴም አለ፤ በመስመሩ ውስጠኛ ክፍል ቀጭን የሙጫ ክር ማፍሰስ ነው። ይህኛው ቋጠሮ የሚነካ ሳይሆን ጨርቁን አጣብቆ የሚያቆም ነው።

ከራይክስሙዚየም እስከ ዋተርሎፕላይን

የሆላንድ ከተሞች ከሱፍ ጋር ያላቸው ዝምድና የቆየ ነው። በአምስተርዳም ራይክስሙዚየም የሚታየው የሬምብራንት የ1662 ሥዕል ጥቁር ለብሰው በጠረጴዛ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰዎችን ያሳያል። እነዚህ ሰዎች ነገሥታት ወይም ጄኔራሎች አይደሉም፤ ቀለም የተነከረ የሱፍ ጨርቅ ጥራት መርማሪዎች ናቸው። የጨርቁን ናሙና አይተው ሳያጸድቁት በገበያ እንዳይታለል ሕዝብን ይጠብቁ ነበር።

ዛሬ ያንን ምርመራ የሚያደርግለት ሹም የሌለው ገዢ ራሱ መርማሪ መሆን አለበት። በአምስተርዳም በዋተርሎፕላይን፣ በሮተርዳም በአፍሪካንደርማርክት፣ በዴንሃግም በትልቁ የሃግ ገበያ የሚዘዋወር ሰው ሁለት ነገሮችን ቢያውቅ ይጠቀማል።

አንደኛ፣ በልብሱ ውስጥ የተሰፋውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ዎል ወይም ስኸርዎል የሚል ካለ ሱፍ ነው፤ ስኸርዎል ያልተደጋገመበት አዲስ ሱፍ ማለት ነው። 55 በመቶ ፖሊስተር፣ 45 በመቶ ዎል የሚል ቅልቅል ከሆነ መስመሩን የሚይዘው በአብዛኛው ፖሊስተሩ ነው። በዚህ ላይ መድኃኒት ለማስደረግ ገንዘብ ማውጣት እምብዛም አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ያገለገለ ሱሪ ሲገዙ መስመሩ በምን እንደተያዘ መመርመር ነው። በመድኃኒት የተያዘ መስመር በቀላሉ አይነሳም። ሱሪው ሰፊ ነው ብሎ ለማጥበብ ወይም አጭር ነው ብሎ እግሩን ለማስረዘም ያሰበ ሰው፣ ልብስ ሰፊው የድሮውን እጥፋት ሲፈታው አሮጌው መስመር እንደ ጠባሳ ይወጣበታል። በተራ ካውያም አይጠፋም፤ እንደገና በመድኃኒት ማስተካከልን ይጠይቃል። ልብሱ ቤት ካለ ለመለየት ብዙ ድካም የለውም። በማይታይ ቦታ መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ አርሶ ሳይጎትቱ ማድረቅ ነው። መስመሩ ከጠፋ የካውያ ብቻ ነበር፤ ከተመለሰ የመድኃኒት ነው።

ከላውንደሪው እስከ ፀጉር ቤቱ

ከልብሱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የሰው ነገር ነው። የበጉ ጠጉርና የሰው ጠጉር አንድ ዓይነት ፕሮቲን ስለሆኑ መድኃኒታቸውም ዘመዳሞች ናቸው። ፀጉር ቤት ውስጥ ጠጉር ለመጠቅለል የሚጠቀሙበት ፐርም በአብዛኛው ያው የሱሪውን መስመር የያዘው ታዮግላይኮሌት ነው። በዚህ ሥራ የተሰማሩ፣ ቀኑን ሙሉ እጃቸው ከዚህ ፈሳሽ የማይለይ እህቶች አሉ። መድኃኒቱ የእጅ ቆዳን ያቆስላል፤ ከተደጋገመ አለርጂ ያስይዛል። አለርጂው አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም፤ ሙያን እስከ መተው ያደርሳል። ሰልፋይት ያለባቸውም አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ ያሳጥራሉ። የአውሮፓ ሕግ ታዮግላይኮሌት በፐርም ውስጥ ለማንኛውም ሰው ሲሸጥ ከ8 በመቶ፣ በባለሙያ እጅ ሲሠራበት ከ11 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው በከንቱ አይደለም።

በላውንደሪ ቤትም ሌላ አደጋ አለ። የሱፍ ልብስ ያለ ውሃ ሲታጠብ ለብዙ ዓመታት የዋለው ፈሳሽ በእዚህ አገር በአጭሩ ፐር የሚባለው ነው። በልብሱ ጽሑፍ ላይ በክብ ውስጥ ያለችው ፒ ፊደል በዚህ መታጠብ እንደሚችል ታመለክታለች። በ1980 የሆላንድ ተመራማሪዎች ከላውንደሪ ቤቶች አጠገብና በላይ በሚኖሩ ሰዎች ትንፋሽ ውስጥ ሳይቀር ይህን ፈሳሽ እንዳገኙ አሳትመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩት መካከል መድቦታል፤ በ2014ም ይህንኑ አጽንቷል።

በእነዚህ ቤቶች የሚሠራ ሰው መብቱን ማወቅ አለበት። በሆላንድ የሥራ ደህንነት ሕግ መሠረት ጓንትና ሌላውንም መከላከያ በነፃ ማቅረብ፣ አየሩ እንዲወጣ ማድረግ፣ ስለ መድኃኒቱ ጉዳት ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው። ከሐምሌ ወር 2017 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም ሠራተኛ ሳይታመምም ቢሆን፣ የአሠሪውን ፈቃድ ሳይጠይቅ የመሥሪያ ቤቱን ሐኪም የማነጋገር መብት አለው። እጅ ሲቆስል «የሥራው ጠባይ ነው» ብሎ መቻል አያስፈልግም። ቁስሉ መቼ እንደጀመረና የትኛው ዕቃ ሲነካ እንደሚብስ ጽፎ መያዝ ለሐኪሙም ይጠቅማል።

ቤት ውስጥ ሊደረግና ሊተው የሚገባው

ፐርምና ሱፍ ዘመዳሞች ናቸው ሲባል የሰማ ሰው ከፀጉር ቤት ጠርሙስ አምጥቶ ሱሪው ላይ ልሞክር ይል ይሆናል። ይህ አይመከርም። ልኩ ካለፈ የተፈታው ቋጠሮ ሳይመለስ ቀርቶ ጨርቁ ይሳሳል፣ ቀለሙም ይለቃል። ጠጉር የሚያለሰልሰው ሪላክሰር ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ ኃይለኛው ዓይነት ሱፍን ያሟሟል። በረኪናም እንዲሁ። ኮምጣጤን ከበረኪናም ሆነ ከሰልፋይት ጋር መቀላቀል መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ለቤት የሚበጀው ይህ ነው። ካውያው ሁለት ነጥብ ላይ፣ ማለትም 150 ዲግሪ ላይ ይደረግ። በሱፉና በካውያው መካከል እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ይግባ። ካውያው ወዲያ ወዲህ ሳይጎተት ይጫን፣ ይነሳ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሱሪው ከተተኮሰ በኋላ በደንብ ሳይቀዘቅዝና ሳይደርቅ አለመልበስ ነው፤ ላላው ማሰሪያ የሚይዘው ያን ጊዜ ነውና። ከለበሱት በኋላም ለአንድ ቀን አየር ላይ ሰቅሎ ማሳረፍ፣ በየሳምንቱም ላውንደሪ ከመውሰድ ይልቅ መቦረሽ የልብሱን ዕድሜ ያራዝማል።

በመድኃኒት መስመር ለማስያዝ የሚፈልግም አስቀድሞ ልብስ ሰፊው ጋ ሄዶ ልኩን ያስጨርስ። መስመሩ በመድኃኒት ነው ወይስ በሙጫ ብሎ ይጠይቅ፤ ቀለሙ እንዳይለቅ በማይታይ ቦታ እንዲሞከርለት ያስገድድ። አንዴ የተቋጠረ ቋጠሮ በቀላሉ አይፈታምና፣ ቋጠሮው ሳይጠብቅ ማሰቡ ይሻላል።