ሁለት መልስ ለአንድ ግቢ

በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ ስለ ቦታ ሲወራ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ካሬ ነው?» የሚለው ነው። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉም ወሬው ከካሬ አልወጣም። ካሬ ብቻውን ግን ቅርጽ አይናገርም፤ 200 ካሬ 10 በ20 ሊሆን ይችላል፣ 8 በ25ም ይሆናል። «ርዝመቱ ከወርዱ በ10 ሜትር ይበልጣል» የሚል ሁለተኛ መረጃ ሲታከልበት ወርዱን ሀ ብለን ሀ(ሀ + 10) = 200 እንጽፋለን። ስፋት የሁለት ርዝመቶች ብዜት ነውና አንዱ ርዝመት በሌላው ሲገለጽ ሀ² መምጣቱ፣ እኩልዮሹም ኳድራቲክ መሆኑ አይቀርም። የባቢሎን ጸሐፍት ከ3,500 ዓመታት በላይ ቀደም ብለው የካሬን ስፋትና ጎን ደምረው «ጎኑ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ በሸክላ ላይ ጽፈዋል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ ደግሞ ሀ² + 10ሀ = 39ን ሥዕል ስሎ ፈታ፦ በጎደለው ማዕዘን 25 ሲሞላበት ስፋቱ 64 የሆነ ሙሉ ካሬ ይወጣል፤ ጎኑ 8 ነው፣ 5 ሲቀነስ 3። የእኛም ግቢ በዚሁ መንገድ ይፈታል፤ 200 ላይ 25 ሲጨመር 225፣ ጎኑ 15፣ ወርዱ 10 ሜትር።

ክፍል ውስጥ ጊዜውን የሚበላው የኳድራቲክ እኩልዮሽ መፍቻ ቀመሩ ነው። ከባዱ ሥራ ግን ከቀመሩ በፊትና በኋላ ያለው ይመስለኛል፦ ቃሉን ወደ እኩልዮሽ መለወጥ፣ ከዚያም ከሁለቱ መልሶች መምረጥ። ከላይ ያለው እኩልዮሽ −20ንም ይሰጣል፤ እሱን መጣል ቀላል ነው። የአጥሩ ዙሪያ 60 ሜትር ነው ከተባለ ግን ሀ(30 − ሀ) = 200 ይሆንና 10ም 20ም ይወጣሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ያው ግቢ ዞሮ ነው። አሁን በ10 በ20 ግቢ ዙሪያውን ወርዱ እኩል የሆነ መተላለፊያ ይተውና መሃሉ ላይ ለቤት 96 ካሬ ይቅር። (10 − 2ሀ)(20 − 2ሀ) = 96 ሲፈታ 2 እና 13 ይወጣል። 13 አዎንታዊ ነው፤ ሆኖም ጠቅላላ ወርዱ 10 ሜትር በሆነ ግቢ 13 ሜትር መተላለፊያ ከየት ይመጣል? −6 እና −16 ተባዝተው 96 ስለሆኑ ብቻ የተገኘ ቁጥር ነው። «አሉታዊውን ጣል» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ተማሪው እዚህ ላይ የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ሒሳብ የተማረ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። እውነት አላቸው፤ ግን ያ ልጅ ጥያቄውን በቋንቋው ቢያገኘውም ሥዕሉን ካልሳለ መተላለፊያውን ከአንድ ወገን ብቻ ቀንሶ 10 − ሀ ይጽፋል። ፈተና ላይ ጥያቄው የምርጫ ስለሆነ ምርጫዎቹን እየተኩ መሞከር ይበቃል ለሚል ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ ከምርጫዎቹ መካከል 13 ካለ እኩልዮሹ ያለምንም ተቃውሞ ያሳልፈዋል።