ቀኝና ግራ ያላቸው ሞለኪውሎች

ዕቃ ልታጥቡ ስትሉ የቀኙን ጓንት በስህተት በግራ እጃችሁ አጥልቃችሁ ታውቃላችሁ? ጣቱ አምስት ነው፣ ልኩም ያው ነው፤ አውራ ጣቱ ግን በማይሆን ጎን ይቀራል። ሁለቱ ጓንቶች አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ናቸው፤ ይመሳሰላሉ እንጂ አይተካኩም።

ሆላንዳዊው ኬሚስት ፕሮፌሰር ቤን ፌሪንጋ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ጉዳይ ነው። በዓይን የማይታዩ ብዙ ሞለኪውሎችም ልክ እንደ ጓንት ቀኝና ግራ አላቸው። ሳይንቲስቶች ይህን «ካይራሊቲ» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው እጅ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው።

ማስረጃው እዚያው ወጥ ቤት አለ። ለሻይ የምትጨምሩትን ናዕናዕ አሽትቱ፤ ቀጥሎ ከራዊያውን አሽትቱ። የሁለቱንም ዋና ጠረን የሚሰጠው ካርቮን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። አቶሞቹ በዓይነትም በቁጥርም አንድ ናቸው፤ የናዕናዑ ካርቮን ግን የከራዊያው የመስታወት ምስል ነው። አፍንጫችን ይለያቸዋል፤ ሽታ የሚቀበሉት ክፍሎቹ ራሳቸው እንደ ጓንቱ አንዱን መልክ መርጠው ይይዛሉና።

በመድኃኒት ላይ ሲሆን ነገሩ ከሽታ ያልፋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ታሊዶሚድ የተባለ መድኃኒት ለእንቅልፍና ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ይሸጥ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ጉዳቱን የሚያያይዙት ከሁለቱ መልኮች ከአንዱ ጋር ነው። «ያኛውን ብቻ ቢሸጡ ኖሮ» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሰውነት ውስጥ አንዱ ወደ ሌላው ስለሚለወጥ ያም አያድንም ነበር።

ፌሪንጋ በ1951 የተወለዱት ከጀርመን ድንበር አጠገብ፣ ባርገር ኮምፓስኩም በምትባል መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ከአሥር ልጆች ሁለተኛው ናቸው። በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ1978 ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ በሼል ኩባንያ ጥቂት ዓመታት ሠርተው በ1984 ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ።

እዚያ ሲጀምሩ ሞተር አላሰቡም። የፈለጉት እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው የሚለዋወጥ ሞለኪውል ነበር። ከሙከራዎቹ በአንዱ ግን ሞለኪውሉ ወደነበረበት በመመለስ ፈንታ ወደፊት ዞሮ ተገኘ። በ1999 ያንን ለዓለም አሳወቁ፤ ያለማቋረጥ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሽከረከር ሞለኪውል።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ትንሽ ዓለም ሁሉም ነገር ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል፤ ጭንቁ ማንቀሳቀሱ ሳይሆን አቅጣጫ ማስያዙ ነው። የፌሪንጋ ሞለኪውል እንደ ቬንትሌተር ክንፍ ያሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። ክፍሎቹ ስለሚጋፉ ይጣመማሉ፤ ጥመቱም ወይ የቀኝ ነው ወይ የግራ። አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት አንዱ ክንፍ ግማሽ ዙር ይዞራል፣ ግን ተወጥሮ ይቆያል። ሙቀት ሲያገኝ ሌላውን ክንፍ ዘሎ ያልፈዋል፤ ካለፈ በኋላ መመለሻ የለውም። እንደገና ብርሃን፣ እንደገና ሙቀት፤ አንድ ዙር ሞላ። ያ ቀኝና ግራነት ባይኖር ሞለኪውሉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ነበር እንጂ አይሽከረከርም።

የመጀመሪያው እጅግ ቀርፋፋ ነበር። በ2014 ግን በሴኮንድ 12 ሚሊዮን ዙር ደረሱ። በ2006 እነዚህ ሞተሮች ከራሳቸው 10,000 ጊዜ የሚበልጥ የመስታወት ዘንግ አሽከረከሩ፤ በ2011 ደግሞ አራት ሞተሮችን እንደ ጎማ ገጥመው ከአንድ ሞለኪውል መኪና ሠሩ።

በ2016 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሶቫዥና ከስኮትላንድ ተወላጁ ፍሬዘር ስቶዳርት ጋር ተካፈሉ። «ታዲያ ምን ይሠራል?» ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ሸላሚው አካዳሚ ራሱ ሥራውን ያነጻጸረው ከ1830ዎቹ የኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ነው፤ ያኔ የሚሽከረከሩትን መዘውሮች ለሕዝብ ያሳዩ የነበሩት ሰዎች አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ቬንትሌተርና የምግብ መፍጫ እንደሚወጣቸው አያውቁም ነበር። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቁልፋቸውን የምትጫኑት እናንተ ናችሁ።

የፌሪንጋ ቡድን በብርሃን የሚበራና የሚጠፋ አንቲባዮቲክም ሞክሯል። ሐሳቡ መድኃኒቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ እንዲጠፋና ተሕዋስያኑ እንዳይለምዱት ነው። ፋርማሲ ግን ገና አልደረሰም።