ያገለገለ የቅንጦት አውቶሞቢልና የላስታ ዳገት

የላስታ ገበሬ በቅሎ ሊገዛ ወደ ገበያ ሲወርድ በኮርቻዋ ጌጥ ተማርኮ ዋጋ አይቈርጥም። ከንፈሯን ገልጦ በጥርሷ ዕድሜዋን ያውቃል፤ ሰኰናዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ ጥቂት ዳገት አስወጥቶም እስትንፋሷን ያዳምጣል። እንዲህ የሚያደርገው ገደል አፋፍ ላይ የምትደክም በቅሎ ጌታዋንም ጭነቷንም ይዛ እንደምትወድቅ ስለሚያውቅ ነው። በዘመናችን ግን ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ያገለገለ የቅንጦት አውቶሞቢል የሚገዛ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የቀለሙን ማማር፣ የወንበሩን ቆዳና የፋብሪካውን ስም ነው። የሞተሩን እስትንፋስ የሚያዳምጥ ገዢ ጥቂት ነው።

ጉዳዩ የንግዱን ኅብረተሰብ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን የሚጨምር ከባድ ታክስ ጣለ። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. አውቶሞቢሎች የውጭ ምንዛሪ ከተከለከሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች ጋር ተቈጠሩ፤ ይህም ክልከላ እስከ ሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጸንቶ ቈየ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚህም የተነሣ በቤንዚን የሚሠራ ኀይለኛ የቤት አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው የሚገዛው ቀደም ብለው ከገቡትና ከእጅ ወደ እጅ ከሚዘዋወሩት መካከል ነው። የአውቶሞቢሎቹ ቍጥር እንደ ቀድሞው አይተካም፤ ዕድሜያቸው ግን በየዓመቱ ይጨምራል፤ ዋጋቸውም እንደ ዕድሜያቸው አይወርድም።

ኀይል የበዛበት ሞተር

እንደሚታወቀው ለዕለት ሥራ የተሠራ ሞተር ካለው አቅም ከፊሉን ብቻ እየተጠቀመ ረጅም ዘመን ያገለግላል። ለፍጥነት የተሠራ ሞተር ግን ዘይቱ፣ ሙቀቱና የብረቶቹ ክፍተት በጠባብ ልክ የተወሰኑ ናቸው፤ ስለዚህም ትንሽ ቸልታ ትልቅ ጉዳት ታስከትላለች።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ድረስ የተሠራው የቤ.ኤም.ደብልዩ. ኤም 5 ነው። ሞተሩ 5 ሊትር ሲሆን 10 ሲሊንደሮችና 507 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በደቂቃም እስከ 8,250 ዙር ይደርሳል። በዘመኑ እጅግ የተደነቀ ሥራ ነበር። ሆኖም በእያንዳንዱ ቢየላና በዋናው የሞተር ዘንግ መካከል የሚገባው ብሮንዚና የሚባለው ስስ የብረት ቅርፊት ከሚጠበቀው ጊዜ ቀድሞ እንደሚበላ በብዙ አገር ታይቷል። ብረት ከብረት እንዳይገናኝ የሚያደርገው በብሮንዚናው ላይ የሚንሳፈፈው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲሳሳ ብሮንዚናው ይፋቃል፤ ፈጽሞ ሲጠፋም ብሮንዚናው ከቦታው ዞሮ ዘንጉን ይበላል፤ ቢየላውም ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። አንዳንድ ባለሙያዎች ለዚህ ምክንያቱ የክፍተቱ መጥበብ ነው ይላሉ፤ ሌሎች የዘይቱን ውፍረት፣ ሌሎችም ሞተሩ ሳይሞቅ በኀይል መነዳቱን ያመለክታሉ። በመፍትሔው ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ፤ ይኸውም ብሮንዚናውን ድምፅ ሳያሰማ አስቀድሞ መለወጥ ነው። አስቀድሞ መለወጥ የጥቂት ቀን ሥራ ሲሆን፣ ከተሰበረ በኋላ መጠገን ግን ሌላ ሞተር መግዛት ማለት ነው።

በአገራችን ይበልጥ የሚታወቀው የመርሴዲስ ቤንዝም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። ኤም 272 የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደርና ኤም 273 የሚባለው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር መጀመሪያ በተሠሩባቸው ዓመታት፣ የሞተሩን የጊዜ ሰንሰለት የሚያዞር አንድ ጥርሳም ጎማ ያለ ጊዜው የሚበላ ሆኖ ተገኝቷል። ጥርሱ ሲበላ ሰንሰለቱ ከልኩ ይዛነፋል፤ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። የሚለወጠው ብረት ትንሽ ነው፤ እርሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩን አውርዶ መፍታት ግድ ይሆናል። ኋላ የተሠሩት ሞተሮች የተሻሻለ ብረት ስለ ተደረገላቸው፣ ደጉን ከክፉው የሚለየው የሞተሩ ቍጥር ነው፤ ይህም ቍጥር በሊብሬው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ሁሉ የፋብሪካዎቹን ስም ለማጕደፍ የሚነገር አይደለም። በደንብ የተያዙ የእነዚህ ዓይነት አውቶሞቢሎች ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጕዘዋል። ነጋዴው ሊገነዘበው የሚገባው የፋብሪካው ስም ስለ ዓይነቱ እንጂ በፊቱ ስለ ቆመው ስለዚያ አንድ ሞተር እንደማይመሰክር ነው።

የከፍታው ፈተና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ ላሊበላ የሚሄድ አውቶሞቢል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ወዲያው ወደ ሸዋ ሮቢት ሞቃት ቆላ ይወርዳል፤ ደሴን አልፎ ከወልድያ በኋላ በሳንቃና በድልብ በኩል እንደገና ይወጣና ጋሸና ላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ የቀረው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ ወደ ላሊበላ የሚያደርሰው ነው። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል።

በላሊበላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ ጉልበቱም ያንሳል። 507 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት አውቶሞቢል በላስታ የሚያወጣው ወደ 380 ብቻ ነው። ገዢው የከፈለበት አንድ አራተኛው ኀይል ዳገቱ ላይ የለም ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር በአንጻሩ ኀይሉን ለመጠበቅ ይሞክራል፤ ነገር ግን ቱርቦው ይበልጥ እየፈጠነና እየሞቀ ስለሚሠራ ያረጀ ከሆነ ድካሙ ቶሎ ይገለጣል።

የማቀዝቀዣው ነገርም እንዲሁ ነው። በ2,500 ሜትር ላይ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ ይህን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ ክዳኑ ወይም ቱቦው ካረጀ ግን ጥበቃው ይቀራል። በጥቂት ብር የሚለወጥ ክዳን በመናቁ ቴስታታውን ያቃጠለ ባለቤት ጥፋቱን በዳገቱ ሊያሳብብ አይገባውም።

የላሊበላ ማለዳ ብርድ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ከተማዋ በተዳፋት ላይ የተሠራች ስለሆነች ከሆቴሉ ግቢ የወጣ መኪና ወዲያው ዳገት ያገኛል። ለፈጣን ሞተር የሚታዘዘው ወፍራም ዘይት በብርድ ቶሎ አይፈስም፤ ስለዚህ ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩን ማስጮኽ ብሮንዚናውን በእጅ እንደ መሞረድ ነው። በእነዚህ ላይ የጠጠር መንገድ አቧራ ፊልትሮውን ይደፍናል፤ ዝቅ ብሎ የተሠራ አውቶሞቢልም የዘይት መያዣውን በድንጋይ ይመታል። በጀሪካን የተገዛ ንጽሕናው የማይታወቅ ቤንዚንም ለእንዲህ ያለ ሞተር መርዝ ነው።

ቆሞ የቈየ መኪናም ልዩ ምርመራ ይሻል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ የላሊበላን የእንግዳ ንግድ አቋረጡት፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገዱን ደጋግሞ ዘጋው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለወራት የቆመ አውቶሞቢል ኪሎ ሜትሩ ያነሰ ስለሆነ ገዢውን ይማርካል። ይሁን እንጂ ቤንዚኑ ይበላሻል፤ የጎማ ቱቦዎቹና ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፤ ዘይቱም እርጥበት ይስባል። ትንሽ ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ ጥሩ ምስክር አይደለም።

ርካሹ ሲወደድ

ነገሩን በንግድ ዐይን ለመመልከት አንድ የሆቴል ባለቤት በምሳሌነት ይወሰድ። ይህ ሰው ለገና በዓል የሚመጡ የተከበሩ እንግዶቹን ለማመላለስ ያገለገለ የቅንጦት አውቶሞቢል ከአዲስ አበባ ገዛ እንበል። ዋጋው ከገበያው ዝቅ ያለ ነበር፤ ስለ ጥገናው ግን አንድም ደረሰኝ አልተገኘም። ታኅሣሥ 27 ቀን ጋሸና አጠገብ ሞተሩ እንደ መዶሻ ይመታ ጀመር። እንግዶቹ በመንገድ ቀሩ፤ ሌላ መኪና በበዓል ዋጋ ተከራየላቸው፤ አውቶሞቢሉ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣም ለወራት ቆመ። ይህ ሰው በግዢው ጊዜ ያተረፈው የመሰለው ገንዘብ ለጭነቱና ለኪራዩ እንኳ አይበቃውም። የእንግዶቹ ቅሬታ ደግሞ በምንም ደረሰኝ አይተመንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በላስታ መንገድ ላይ ላንድ ክሩዘርና ሃይስ የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመንገዱ ጋር ከመስማማታቸው በላይ የሚያውቃቸው መካኒክና የሚገጥማቸው ዕቃ በቅርብ ይገኛል። የአንድ ተሽከርካሪ እውነተኛ ዋጋ የመግዣው፣ የጥገናውና ሳይሠራ የሚቆምበት ቀን ኪሳራ ድምር ነው።

ከመክፈል በፊት

ይህ ሁሉ እየታወቀ ፈጣኑን አውቶሞቢል የሚፈልግ ነጋዴ ከመክፈሉ በፊት የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል።

1ኛ፤ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቀው በማለዳ ሳይታሰብ ሄዶ ከቀዝቃዛ ማስነሣት። ከሥር የሚሰማ መታ መታ የሚል ድምፅም ሆነ ከላይ የሚሰማ የሰንሰለት መንቀጥቀጥ በቸልታ አይታለፍም።

2ኛ፤ የሞተሩንና የሻንሲውን ቍጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፤ ቍጥሩም ጉድለት ከታየባቸው ሞተሮች መካከል መሆን አለመሆኑን መጠየቅ።

3ኛ፤ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ማስለካትና የሞተሩን የስሕተት መዝገብ በኮምፒዩተር ማስነበብ። መዝገቡ ትናንት የተደመሰሰ ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱ ይጠየቅ።

4ኛ፤ ዘይቱን አስወርዶ ፊልትሮውን በመቀስ ቀዶ ማየት። የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ብረት ካለ ማግኔት ይቅረብለት። ማግኔት የማይስበው ፍቅፋቂ ከብሮንዚና የመጣ ሊሆን ይችላልና ማግኔቱ ምንም አላነሣም ተብሎ ደስ መሰኘት አይገባም።

5ኛ፤ የጥገና ደረሰኞችን መጠየቅ። ዘይቱ በየስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተለወጠና ዓይነቱ ምን እንደ ነበረ የማይናገር ሻጭ የሞተሩን ታሪክ አያውቅም፤ ወይም ሊናገር አይፈልግም።

6ኛ፤ በረጅም ዳገት ላይ ነድቶ የሙቀቱንና የዘይቱን መለኪያ መመልከት። የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ ከእንጦጦ የሚርቅ ቦታ መፈለግ አያስፈልገውም።

ውሉም እንደ ምርመራው ጥንቃቄ ይሻል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለ ሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ሲያስገድድ፣ ገዢውም ዕቃውን በጊዜው መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ከመፈረም በፊት ትርጉሙን ማሰብ፣ የሞተሩን ቍጥር፣ የኪሎ ሜትሩን መጠንና ሻጩ የሰጠውን ማረጋገጫ በጽሑፍ ማስፈር ይገባል።

ለመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች መግባት ቢከለከልም የገቡት ጥገና መፈለጋቸው አይቀርም። በዚህ ረገድ ለአስመጪውና ለባለ ሱቁ ሰፊ ሥራ አለ። ሆኖም በጥቂት አውቶሞቢሎች ላይ ብቻ የሚገባ ውድ ዕቃ በመጋዘን አከማችቶ ካፒታልን ማሰር አይበጅም። ቶሎ የሚሸጡትን ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የራዲያተር ክዳን፣ ቱቦና ትክክለኛ ዘይት ዘወትር በሱቅ መያዝ፣ ብሮንዚናና የጊዜ ሰንሰለት የመሳሰሉትን ግን በሞተሩ ቍጥር እያዘዙ ማስመጣት የተሻለ ነው። ስለ ዘይት በተለይ ሐሰተኛ ዕቃ ከመደርደሪያ እንዲርቅ መጠንቀቅ የነጋዴው ክብር ነው። በአንድ ጣሳ የተገኘች ትርፍ የደንበኛን ሞተር ካጠፋች ደንበኛውንም ይዛ ትሄዳለችና።

ወደፊት በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ሲበዙ የከፍታው ነገር ይቀላል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ በጋሸናም በሸዋ ሮቢትም ጉልበቱ አንድ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ያገለገለ ፈጣን አውቶሞቢል የሚገዛ ሁሉ የላስታውን ገበሬ ልማድ ቢከተል ያተርፋል፤ ኮርቻውን አድንቆ ከመክፈሉ በፊት ዳገት አስወጥቶ እስትንፋሱን ያዳምጥ።