ከኋላ ዴስክ የሚሞላው ቅጽ

ሱፐርቫይዘር ገብቶበት ያስተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሩ ይንኳኳል፤ ተማሪዎች ብድግ ይላሉ፤ እንግዳው ከኋላ ዴስክ ይቀመጥና እስክሪብቶውን ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው 40 ደቂቃ የዘወትሩን ክፍል አይመስልም። ረባሹ ልጅ ጭምት ይሆናል። መምህሩም እጅ የሚያወጣ እንዲበዛለት ትናንት ያስተማረውን ርዕስ ዛሬም ይደግመዋል። እኔም አድርጌዋለሁ። «ተማሪዎችን በንቃት ያሳትፋል» ከሚለው መስፈርት ፊት ራይት ተደርጎልኝ ወጥቻለሁ።

ያ መስፈርት የዘርፉን ዋና ችግር በአንድ መስመር ይዞታል። «በንቃት ያሳትፋል» የሚታይ ነገር አይደለም፤ ፍርድ ነው። የሚታየው ስንት ተማሪ ጠየቀ፣ መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ ስንት ሴኮንድ ጠበቀ፣ ደብተሩን ያልከፈተው ማነው የሚለው ነው። ላለፉት 60 ዓመታት የተሠሩት የክፍል ምልከታ ቅጾች በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይዋልላሉ፦ ገሚሶቹ ይቆጥራሉ፣ ገሚሶቹ ይፈርዳሉ።

ከቆጣሪዎቹ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ኔድ ፍላንደርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ተመልካቹ በየ3 ሴኮንዱ አንድ ቁጥር ይጽፋል። መደቦቹ 10 ናቸው። ሰባቱ የመምህሩ ንግግር ሲሆኑ ማመስገን፣ መጠየቅ፣ ማብራራት፣ ማዘዝና መገሠጽ ከነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ሁለቱ የተማሪ ንግግር ናቸው፤ የቀረው አንዱ ዝምታ ወይም ሁካታ ነው። ፍላንደርስ ከዚህ ቆጠራ ያወጣው ድምዳሜ እስካሁን ይጠቀሳል፦ ከክፍለ ጊዜው ሁለት ሦስተኛው ንግግር ነው፣ ከንግግሩም ሁለት ሦስተኛው የመምህሩ ነው። ይህን ወደ እኛ 40 ደቂቃ ስናመጣው ለተማሪዎች ሁሉ በድምሩ ወደ 9 ደቂቃ ይተርፋቸዋል። ክፍሉ 60 ተማሪ ካለው ለአንዱ የሚደርሰው 9 ሴኮንድ ገደማ ነው፤ ስምን ተናግሮ ለመቀመጥ የሚበቃ ጊዜ።

ዘዴው ጆሮ እንጂ ዓይን የለውም። ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው ሒሳብ ሲሠሩም ሆነ ሲያንቀላፉ ያው «ዝምታ» ተብለው ይመዘገባሉ። ይህን ጉድለት የሸፈነችው ጄን ስታሊንግስ ናት። በእሷ ዘዴ ተመልካቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ 10 ጊዜ ቀና ብሎ ክፍሉን እንደ ፎቶግራፍ ይቀርጻል፦ መምህሩ ምን እያደረገ ነው፣ በምን መሣሪያ፣ ስንት ተማሪ አብሮት አለ፣ ስንቱ ልቡ ሌላ ጋ ነው። የዓለም ባንክ ይህን ቅጽ በላቲን አሜሪካና በካሪቢያን 7 አገሮች ከ15,000 በላይ ክፍሎች ውስጥ ተጠቅሞበታል። ለማስተማር ይውላል ተብሎ የሚጠበቀው 85 በመቶ ጊዜ ነበር፤ የተገኘው በአማካይ 65 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆነ። ልዩነቱ ከሳምንቱ አንድ ሙሉ የትምህርት ቀን ያህል ነው። ጊዜውን የሚበላውም ስም መጥራት፣ ሰሌዳ ማጥፋት፣ ወረቀት ማደል የመሳሰለው ተራ ነገር ነው።

ፈራጆቹ ቅጾች በበኩላቸው ጥራትን በደረጃ ይለካሉ። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ፒያንታና ባልደረቦቹ የሠሩት «ክላስ» የስሜት ድጋፍን፣ የክፍል አያያዝንና የማስተማር ድጋፍን ከ1 እስከ 7 ይመዝናል። ሻርሎት ዳንየልሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመችው ማዕቀፍ ደግሞ 4 ዘርፎችና 22 ንዑሳን ክፍሎች አሉት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዓለም ባንክ ለታዳጊ አገሮች ያዘጋጀው «ቲች» ሁለቱን ስልት ለማጋባት ይሞክራል፤ በሁለት የ15 ደቂቃ ምልከታዎች ጊዜን ይቆጥራል፣ ጥራትንም ይመዝናል። እኔን የማረከኝ ግን ቅጹ ራሱ አይደለም፤ ተመልካቹ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተቀረጸ ትምህርት አይቶ ነጥብ ይሰጣል፣ ፈተናውን ካላለፈ ወደ ክፍል አይላክም። እኛ ጋ ቅጹ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ለዩኒት ሊደሩ ይሰጠዋል፤ በቃ።

የተማሪን ባሕርይ የሚመለከቱት ቅጾች ጠባብ ናቸው፣ በጥንቃቄ ግን ይበልጣሉ። ኤድዋርድ ሻፒሮ ያዘጋጀው «ቦስ» የሚባለው ጊዜን በ15 ሴኮንድ ይከፋፍላል። በእያንዳንዱ መጀመሪያ ላይ ልጁ ትምህርቱ ላይ መሆን አለመሆኑ ይመዘገባል፤ በቀሩት ሴኮንዶች ውስጥ ከመቀመጫው ከተነሳ፣ ካወራ ወይም ከፈዘዘ እሱም ይጻፋል። በየአምስተኛው ተራ ተመልካቹ ዓይኑን ከልጁ ነቅሎ ሌላ ተማሪ ያያል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። «ይህ ልጅ ረባሽ ነው» የተባለው ተማሪ በ15 ደቂቃ ውስጥ 20 ጊዜ ቢያወራ፣ አጠገቡ ያለውም የዚያኑ ያህል ካወራ፣ መታየት ያለበት ልጁ ሳይሆን ትምህርቱ ነው።

ከሁሉ ቀላሉ መሣሪያ ግን የመቀመጫ ካርታ ነው። ዴስኮቹ በወረቀት ላይ ይሣላሉ፤ መምህሩ ተማሪ በጠራ ቁጥር በቦታው ላይ ነጥብ ይደረጋል። ተመራማሪዎቹ አዳምስና ቢድል እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳዩት ነጥቦቹ ከፊትና ከመሐል ይከማቻሉ። ከኋላ ጥግ ያለችው ዝምተኛ ልጅ አትረብሽም፤ ስለማትረብሽም የትኛውም የሥነ ምግባር ቅጽ አያገኛትም። ካርታው ላይ ግን ባዶ ቦታ ሆና ቁልጭ ብላ ትታያለች።

አንድ ሰው አንዴ አይቶ የሰጠው ነጥብ ምን ያህል ይታመናል? የጌትስ ፋውንዴሽን 3,000 ያህል የአሜሪካ መምህራንን ይዞ ያካሄደው ትልቅ ጥናት ይህን መርምሮ፣ ያው ሰው ደጋግሞ ከሚገባ ሌላ ሁለተኛ ሰው ቢጨመር ነጥቡ የበለጠ እንደሚታመን አሳይቷል። ደግነት የወለደው ችግርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት «አጥጋቢ» ወይም «አጥጋቢ ያልሆነ» ብለው ብቻ በሚመዝኑ ወረዳዎች ከ99 በመቶ በላይ መምህራን «አጥጋቢ» መባላቸውን ገለጸ። ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር።

በአገራችን ይህ ሥራ በ1930ዎቹ ኢንስፔክሽን ተብሎ ጀመረ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሱፐርቪዥን ተባለ፣ በደርግ ጊዜ ተመልሶ ኢንስፔክሽን ሆነ፣ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ደግሞ ሱፐርቪዥን። የስሙ መመላለስ ያለምክንያት አይደለም፤ ቁጥጥር ነው ወይስ እገዛ የሚለው አልለየለትም ነበር። ዛሬ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ኢንስፔክሽኑ ትምህርት ቤቱን በ26 ስታንዳርዶች መዝኖ ከ4 ደረጃዎች በአንዱ ያስቀምጠዋል፤ የክላስተር ሱፐርቫይዘሩ መምህሩን ይደግፋል። በወረቀት ላይ መልካም ነው። ችግሩ መምህሩ ከኋላ የተቀመጠው ሰው የትኛው እንደሆነ አለማወቁ ነው፤ ነጥቡ ለእድገቱ ይቆጠር እንደሆነ ጥርጣሬ ካለው የትናንቱን ትምህርት ይደግማል። የእንግሊዙ የትምህርት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኦፍስቴድ እ.ኤ.አ. በ2014 ለነጠላ ክፍለ ጊዜ ውጤት መስጠቱን አቁሟል። ተቆጣጣሪዎቹ ዛሬም ክፍል ገብተው ያያሉ፤ የማይሰጡት ለዚያ ክፍለ ጊዜ ደረጃ ነው።

ስሌቱም አለ። አንድ ሱፐርቫይዘር 5 ትምህርት ቤቶች ቢኖሩት፣ በየትምህርት ቤቱም 20 መምህራን ቢኖሩ፣ እያንዳንዱን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ለማየት 200 ክፍለ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገሩ ሳይታሰብ። ስለዚህ አዘውትሮ ሊያይ የሚችለው ባልደረባ ነው። በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ መርሐ ግብር መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠራ ይጠበቃል፤ የባልደረባ ምልከታም ከዚያው የሚቆጠር ነው። የማውቃቸው ሁለት የሒሳብ መምህራን ባለ 30 መስመሩን ቅጽ ትተው በግማሽ ገጽ ይሠሩ ነበር፦ የመቀመጫ ካርታ፣ ከጥያቄ በኋላ የተጠበቀ ሴኮንድ፣ ደብተር ያልከፈቱ ብዛት። ወረቀቱ ላይ የመምህሩ ስም አይጻፍም፤ ሻይ ቤት ውስጥ ካዩት በኋላ ያየው ሰው ለታየው ይሰጠዋል፣ ለዳይሬክተሩ ቅጂ የለውም።